አዎ፣ ፓምፕ ጠባቂ ነኝ

አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። መሳለሚያ አካባቢ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ግድግዳው ጭቃ በሆነ ቤት ውስጥ፣ እንደ ፈረንጅ አገር ሙቅ ውሃ በቧንቧ እየዞረ የሚያሞቀው ክፍል አለ። ክፍሉ እኔ ቤት ውስጥ ነው። የሠራሁትም እኔ ነኝ። የምትስቁ ከሆነ አሁኑኑ ሳቁና ጨርሱ፤ ሰፈሩ በሙሉ ስቆ ጨርሷል፣ የቀራችሁት እናንተ ብቻ ናችሁ።

ሳቃችሁ? ጥሩ። አሁን ደግሞ እኔ ልናገር።

ነገሩ የጀመረው በማሞቂያ አይደለም፣ በውሃ ነው። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ የማያውቅ ሰው ካለ እንግዳ ነውና እንኳን ደህና መጣ ልበለው። ሲመጣም ጉልበት የለውም። መሬት ላይ ያለው በርሜል ውስጥ ይወርዳል እንጂ ጣሪያ ላይ ወዳስቀመጥነው ታንከር ቀና ብሎም አያይም። ስለዚህ ባለቤቴ ሰናይት ከታች ስትቀዳ፣ እኔ ጄሪካን ተሸክሜ መሰላል ስወጣ ስወርድ፣ ወገቤ "በቃኝ" አለኝ። አንድ ጠዋት ወገቤን ሰማሁትና ፓምፕ ልገዛ ወጣሁ።

የሄድኩት ሸምሱ ጋ ነው። ሸምሱ ከውጭ የሚመጣ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥ የልጅነት ጓደኛዬ ነው፤ ሱቁ ውስጥ ከልብስ ማጠቢያ ማሽን እስከ ጥርስ ሐኪም ወንበር የሌለ ነገር የለም። ከመደርደሪያው ጥግ ቀይ ቀለም የተቀባች፣ ትንሽ ሆና ስታነሷት የምትከብድ ፓምፕ አየሁ። ዓይኔ እሷ ላይ ተተክሎ ቀረ።

"ያቺ ፓምፕ እንዴት ናት?" አልኩት።

ሸምሱ ቀና ብሎ አያትና፣ "እሷ ላንተ አትሆንም" አለኝ።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። መርካቶ ተወልዶ ያላደገ ሰው ይህን ሲሰማ "እሺ፣ ሌላ አሳየኝ" ይላል። እኔ ግን የመርካቶ ልጅ ነኝ። እኛ ዘንድ ነጋዴ "ላንተ አይሆንም" ካለ ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ዕቃው ጥሩ ነው፣ ከአንተ የተሻለ የሚከፍል ሰው እየመጣ ነው፣ ዞር በልልኝ ማለት ነው። ደሜ ፈላ። የልጅነት ጓደኛዬ! የጨርቅ ኳስ አብረን የተራገጥን!

"ለምንድን ነው የማትሆነኝ?"

"ውሃ አታወጣም። ፈረንጆች ቤታቸውን የሚያሞቁባት ናት። የሞቀ ውሃ ቧንቧ ውስጥ ታዞራለች፣ በቃ። ወደ ላይ አትገፋም።"

"እሺ፣ ለማን ነው ያስቀመጥካት?"

"ለማንም! ወላሂ ለማንም አላስቀመጥኳትም። ከሌላ ዕቃ ጋር ተቀላቅላ ነው የመጣችው።"

"ወላሂ" ሲል ጭራሽ ጥርጣሬዬ ባሰ። ሰው ለማይረባ ዕቃ ይምላል? ሸምሱ አትሆንም ባለ ቁጥር ፓምፗ እያማረችብኝ ሄደች። በመጨረሻ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ፣ "በቃ አንተ ሰውዬ፣ ውሰዳት! ካልሆነችህ ግን መልስልኝ፣ እቀበልሃለሁ" አለኝ። ከእጁ ነጥቄ ስወጣ የተሰማኝን ደስታ ሎተሪ የወጣለት ሰው አያውቀውም። እንዲያውም ወደ ኋላ ዞር ብዬ በዓይኔ ጠቀስኩት፤ ነቅቼብሃለሁ ለማለት።

ቤት ወስጄ ገጠምኳት። ማብሪያውን ስጫነው "እምምም" አለች፤ ድምፅዋ እንኳ ጨዋ ነው። ውሃው ቱቦው ውስጥ ከፍ፣ ከፍ አለና ጉልበቴ ጋ ሲደርስ ቆመ። ትንሽ ያሰበ መሰለና ተመለሰ። የእድራችን ሊቀመንበርና ጎረቤታችን ጋሽ ደምሴ አጥሩ ላይ ተደግፈው ሲያዩ ቆይተው፣ "ልጄ፣ ዜማው ጥሩ ነው፣ ውሃው ነው የቀረው" አሉ።

"መልሳት" አለች ሰናይት። "ሸምሱ እቀበላለሁ ብሎህ የለ?"

እንዴት አድርጌ ነው የምመልሳት? በውሸት የተሸወደ ሰው መርካቶ ውስጥ ሞልቷል፣ ማንም አይስቅበትም። እውነቱን ተነግሮት፣ ተምሎለት፣ ተለምኖ የተሸወደ ሰው ግን እኔ የመጀመሪያው መሆኔ ነው። ይህ ወሬ ከወጣ አንገቴን ቀና አድርጌ በመሳለሚያ አላልፍም። "አትመለስም!" አልኳት። "ሥራ ይፈለግላታል።"

ሥራውን ያመጣው ደግሞ ስልክ ነው። የደወለው የሰናይት ታላቅ ወንድም፣ ናዝሬት የሚኖረው ጋሼ ምትኩ ነው። እናታቸው እትዬ ብርቄ እኛ ቤት ነው የሚኖሩት። እትዬ ብርቄ ዕድሜያቸውን በሙሉ በርበሬ በረንዳ ሲሸጡና ሲገዙ የኖሩ፣ ዛላ በርበሬ በሁለት ጣታቸው ይዘው አገሩን የሚነግሯችሁ ሴት ናቸው። ቁርጥማት ጉልበታቸውን ከያዛቸው ወዲህ ግን ፀሐይ የማይገባበት የጓሮ ክፍል ውስጥ ተኝተዋል። ክረምት ሲሆን ያ ክፍል ሥጋ ሳይበላሽ ያሳድራል።

"ሐኪሙ ብርድ አይንካቸው ብሏል" አለ ጋሼ ምትኩ። "ቤታችሁ ደግሞ ራሱ ብርድ ነው። ሐምሌ ሳያልቅ መጥቼ እማዬን ናዝሬት እወስዳታለሁ። እዚያው ትኖራለች።"

እትዬ ብርቄ ይህን ሲሰሙ አልጋቸው ላይ ቁጭ አሉ። "ናዝሬት? እዚያ ሄጄ ምን ልሠራ? አላፊ አግዳሚ ልቆጥር? የማውቀው ሰው እዚህ ነው፣ የሚያውቀኝም እዚህ ነው። የምጣላው ሰው እንኳ ያለው እዚህ ነው!" አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁት።

እኔ እትዬ ብርቄን እወዳቸዋለሁ። አማት አይወደድም የሚል ካለ የራሱን አማት ይጠይቅ። ሰናይትን ስጠይቅ ዘመድ ሁሉ "ይሄ ቀባጣሪ" ሲለኝ፣ "ቢቀባጥርም ልጄን አያስርባትም" ብለው የቆሙልኝ እሳቸው ናቸው። እኚህ ሴት ከቤቴ በብርድ ምክንያት ሊወጡ? በፍጹም!

"እትዬ፣ ይህ ክፍል ቢሞቅስ?" አልኳቸው።

"በምን?"

"በፓምፕ።"

ፊታቸውን ከግድግዳው መለሱ። "ይቻላል?"

"ፈረንጅ ከቻለ እኛ ምን ያንሰናል?"

"እንግዲያው ጀምር" አሉኝ። ከቤቱ ሰው ሁሉ ያላበድኩ የመሰላቸው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ምናለሽ ተራ ወረድኩ። ምናለሽ ተራ ሰው የጣለው ብረት ሁሉ ተቀጥቅጦ ሌላ ነገር ሆኖ የሚወጣበት ነው። አንዱን ቀጥቃጭ በርሜል ገጥመህ ከሥሩ እሳት ማንደጃ አብጅልኝ ብለው፣ "አረቄ ማውጫ ነው?" አለኝ። "አይደለም፣ ቤት ማሞቂያ ነው" ስለው አዘነልኝና መዶሻውን አነሳ። ቀጥሎ ከተሰባበሩ ከባድ መኪናዎች ላይ የወለቁ ራዲያተሮች ገዛሁ። የሞተር ማብረጃ እንዴት ሰው ያሞቃል የሚል ብልጥ አይጠፋም። ታዲያ ከሞተሩ የወሰደውን ሙቀት የት ያደርሰዋል? በኪሱ ይይዘዋል?

በርሜሉን ማድ ቤት ተከልኩት። ከሱ የሚወጣው ቧንቧ ግድግዳውን በስቶ እትዬ ብርቄ ክፍል ይገባል፣ ራዲያተሮቹን ይዞር ይዞርና ወደ በርሜሉ ይመለሳል፤ ፓምፗ መሃል ላይ፣ አልጋቸው አጠገብ አለች። ሲሞቅ የሚያብጠው ውሃ መሄጃ እንዲኖረው ከላይ አፉ ክፍት የሆነ ጄሪካን ሰቀልኩ። እሳቱን አቀጣጥዬ ማብሪያውን ተጫንኩ። እምምም። ውሃ ወደ ላይ አላወጣም ብላ ያዋረደችኝ ፓምፕ፣ ዙር ሲሏት ጊዜ እንደ ባለሙያ ተሽከረከረች! ጥቂት ቆይቶ እትዬ ብርቄ ራዲያተሩ ላይ እጃቸውን አሳረፉ። "እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!" አሉና ሁለተኛውን እጃቸውን ጨመሩ። ለዚያች "እሰይ" ብዬ ሌላ ቤት ሙሉ እሠራለሁ።

ጥበቃው የተጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ለካ ዓለም በሙሉ የፓምፕ ጠላት ነው።

የመጀመሪያው ጠላት ዝገት ነበር። ራዲያተሮቹ ዕድሜ ልካቸውን ያጠራቀሙትን ዝገት ይዘው ነው ቤቴ የገቡት። ብዙም ሳይቆይ ፓምፗ እምምም ማለቷን ትታ ቆሎ እንደሚቆረጥም ሰው ቅርጭም ቅርጭም ትል ጀመር። ለሸምሱ ደወልኩለት። ፊቴን እንዲያይ ስላልፈለግኩ ነው የደወልኩት።

"ለአንድ ጓደኛዬ ነው የምጠይቅህ" አልኩት። "እንዲህ ያለች ፓምፕ አለችውና ውስጧ ይንኮሻኮሻል።"

"ጓደኛህ ዝገት እያበላት ነው" አለኝ ሸምሱ፣ ሳቁ እየታነቀው። "ከዝገት ጠብቃት በለው። ወላሂ እሷን ከገዛት ሰው ሌላ ምንም አልጠብቅም ነበር።"

ምናለሽ ተራ ተመልሼ አንድ ትልቅ የተቃጠለ ስፒከር ገዛሁ። ማግኔቱን አውጥቼ ከፓምፗ በፊት ባለው ቧንቧ ላይ በካላማዳሪ ጎማ ጥፍር አድርጌ አሰርኩት። የብረቱን ብናኝ ግጥም አድርጎ ያዘው! ቡናማው ጭቃ ግን እየሾለከ ማለፉን ቀጠለ። እትዬ ብርቄ ነገሩን ከአልጋቸው ሆነው ሲከታተሉ ቆይተው፣ "ወንፊት ነው የሚያስፈልግህ" አሉና ከአልጋው ሥር በርበሬ ሲነፉበት የኖሩትን ወንፊት አወጡ። "ከዚህ የሚያመልጥ ነገር የለም።" ወንፊቱን ቆርጬ ውሃው ወደ በርሜሉ የሚመለስበት አፍ ላይ ገጠምኩት። አጥቤዋለሁ፣ እምላለሁ አጥቤዋለሁ። ግን ዕድሜ ልክ በርበሬ የጠጣ ወንፊት በአንድ ጆግ ውሃ ይጠራል?

ያን ቀን ግቢያችን ውስጥ የእድር ስብሰባ ነበር፤ ስለሚያካፋ ድንኳን ተተክሏል። እኔ ደግሞ እሳቴን አንድጃለሁ። ከጄሪካኑ አፍ የሚወጣው እንፋሎት ነፋሱን ተከትሎ ድንኳኑ ውስጥ ገባ። መጀመሪያ ጸሐፊው አነጠሱ። ቀጥሎ ገንዘብ ያዡ ሳሉ። ከዚያ ጋሽ ደምሴ "አጀንዳ..." ብለው ሳይጨርሱ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። ወዲያው ድንኳኑ ሙሉ ሰው ዓይኑን እየጠረገ፣ አፍንጫውን እየናፈጠ ያለቅስ ጀመር። በበሩ የሚያልፉ አንዲት ሴትዮ የተተከለ ድንኳን፣ የሚያለቅስ እድርተኛ አዩ። ምን ይበሉ? ነጠላቸውን አዘቅዝቀው "ወይኔ! ወይኔ!" እያሉ ገቡ። ተቀምጠው ደህና አድርገው ካለቀሱ በኋላ ነው አጠገባቸው ያለውን ሰው "ማን ነው የሞተው?" ያሉት።

ጋሽ ደምሴ ዓይናቸው ቀልቶ ማድ ቤት ድረስ መጡ። "አንተ! ወይ ፓምፑን ወይ እድሩን ምረጥ!"

"ፓምፑን!" አልኳቸው።

ኋላ ሰናይት ሄዳ ይቅርታ ጠይቃልኛለች አሉ። እኔ አልላክኋትም።

ሁለተኛው ጠላት መብራት ነው። መብራታችን ሲመጣ እንደ ፈነዳ ቧንቧ ነው የሚመጣው፤ የስንቱን ፍሪጅ አመድ አድርጓል። ስለዚህ የቴሌቪዥኑን ስታብላይዘር ነቅዬ ለፓምፗ ሰጠሁ። ሰናይት የምትከታተለው ድራማ ውስጥ ልጅቷ አባቷን ልታውቅ አንድ ቀን ነበር የቀራት። "አባቷን ሳላውቅ ብሞት በአንተ ነው!" አለችኝ። "አባቷ ይቆያል፣ ፓምፕ ግን አንዴ ከተቃጠለች ተቃጠለች" አልኳት። ለጥቂት ቀን አላናገረችኝም፤ ፓምፗን በደንብ ለማዳመጥ ተመችቶኝ ነበር።

ሦስተኛው በግድግዳው ቀዳዳ የሚገባው የማድ ቤቱ ጥላሸት፣ የጣሪያው ጠብታና የሰው እጅ ነው። ለዚህ የብረት ፍርግርግ አሠርቼ ቁልፍ አደረግኩበት። ውስጧን በላስቲክ ጠቀለልኳት። እኛ ቤት አዲስ ሶፋ ላስቲኩ የሚወልቀው ሶፋው ሲያረጅ ነው፤ ፓምፕ ከሶፋ በምን ታንሳለች? እትዬ ብርቄ በበኩላቸው "ብርድ እንዳይመታት" ብለው የአንገት ልብሳቸውን ሰጧት። ስትሠራ እየገለጥኩ፣ ስትቆም እየሸፈንኩ ኖርኩ። የሳቀብኝ ሰው ሁሉ ይስማ፤ ክፍሉ ሞቋል!

ክፍሉ ሲሞቅ እትዬ ብርቄ ሹራባቸውን አንድ በአንድ አወለቁ። ግድግዳ ይዘው እስከ በሩ መጡ። ሌላ ቀን እስከ አጥሩ ሄደው ጋሽ ደምሴን ሰድበው ተመለሱ። አንድ ጠዋት ደግሞ፣ "ጫማዬን አቀብለኝማ፣ በርበሬ በረንዳ ደርሼ ልምጣ" አሉኝ።

እኔና ሰናይት ደነገጥን። ጋሼ ምትኩ ሊመጣ ነው። ከመምጣቱ በፊት ቢወድቁስ? ብርድ ቢመታቸውስ? "እትዬ፣ ጋሼ መጥቶ እስኪያይዎት ይረፉ" አልናቸው። ተቆጡ፣ ተሳደቡ፣ እኛም አልሰማንም። አልጋቸው ላይ አስተኝተን በብርድ ልብስ ላይ ብርድ ልብስ ደረብንላቸው። እኔ ደግሞ ፀሐይ ብልጭ ብላ ስለነበር ፓምፗንም ለጋሼ ምትኩ ቀን ላቆያት ብዬ አጠፋኋት። በላስቲኩ ላይ ሌላ ላስቲክ ጨመርኩ፣ የአንገት ልብሱን አለበስኳት፣ ቆለፍኩባት። ሁለቱንም ከሳምንት በላይ እንዲህ አድርጌ ጠበቅኳቸው። ማንም ደፍሮ አልጠበቅክም ሊለኝ አይችልም።

ጋሼ ምትኩ ቅዳሜ ጠዋት መጣ። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ መኪናውን አጥቧል፣ ለእናቱ ሻንጣ ብሎ የኋላውን ኮፈን ባዶ አድርጎታል። ሰማዩ ጠቁሮ ማካፋት ጀምሯል፤ እኔ የምፈልገው ብርድ ራሱ ነው።

"ጋሼ፣ ቁጭ በል" አልኩት። "አሁን ክፍሉ ሲሞቅ ታያለህ።"

እሳቱን ቀድሜ አንድጄዋለሁ። ማብሪያውን ተጫንኩ። ፓምፗ እምምም አላለችም። የምታምጥ ይመስል "እእእእ" አለች እንጂ አልዞረችም። አጠፋሁ፣ አበራሁ። እእእእ። ማድ ቤት በርሜሉ ይፈላል፣ ጄሪካኑ ያገሳል፣ ራዲያተሩ ግን እንደ ውሻ አፍንጫ ቀዝቃዛ ነው። ላብ አሰመጠኝ። ቤቱ ውስጥ የሞቀው እኔን ብቻ ነው።

እትዬ ብርቄ ልጃቸውን ተነስተው ሊስሙ እግራቸውን ከአልጋው አወረዱ። ሊቆሙ ሞከሩ፣ ጉልበታቸው እንቢ አለ። እንደገና ሞከሩ። ተመልሰው ተቀመጡ።

"አየሽ እማዬ?" አለ ጋሼ ምትኩ፣ ድምፁ ተሰብሮ። "መቆም እንኳ አቅቶሻል። ሰናይት፣ ልብሷን አዘጋጂ። ዛሬውኑ እንሄዳለን።"

ሰናይት ቁም ሳጥኑን ከፍታ ታለቅስ ጀመር። እትዬ ብርቄ ፊታቸውን እንደገና ወደ ግድግዳው አዞሩ።  እውነትም ሊሄዱ ነው።

ስልኬን አውጥቼ ለሸምሱ ደወልኩ። እጄ ጥላሸት ስለነበር ድምፁን ከፍ አድርጌ ወለሉ ላይ አስቀመጥኩት። ስለ ጓደኛዬ ማውራት ቀረ።

"ሸምሱ! ፓምፔ ተያዘችብኝ!"

"ምን እየሠራች?"

"ምንም! አሳርፌያት ነበር። ከሳምንት በላይ ጠቅልዬ፣ ቆልፌ..."

"ለምን?"

"እየጠበቅኳት ነዋ!"

"አንተ ሰውዬ ታምመሃል?" አለ ሸምሱ፤ ድምፁ ክፍሉን ሞላው። "ዝገት የሚይዛት ስትቆም እኮ ነው! ባታስፈልግህ እንኳ በየቀኑ ትንሽ ዙር አድርጋት እንጂ ጠቅልለህ ታስቀምጣታለህ? እንዲህ ያለ ዕቃ የሚጠበቀው እየሠራ ነው። በል መብራቱን አጥፋና መሃሏ ላይ ያለችውን ብሎን ፍታ፣ በካቻቪቴ ቀስ ብለህ አዙራት። ትነሳለች።"

ቁልፉን ከፈትኩ። ፍርግርጉን አነሳሁ። የአንገት ልብሱን፣ አንዱን ላስቲክ፣ ሌላውን ላስቲክ ገፈፍኩ። ጋሼ ምትኩ አፉን ከፍቶ ያየኛል። ብሎኗን ፈታሁና ካቻቪቴውን አስገብቼ አዞርኩ። እንቢ አለች። ገፋ አደረግኩት፤ ቅርጭ አለችና ለቀቀች። ብሎኗን መልሼ ማብሪያውን ተጫንኩ።

እምምም።

ለመጮህ አፌን ስከፍት እትዬ ብርቄ ቀደሙኝ። "ሰማችሁ?" አሉ። "ሰውዬው ያለውን ሰማችሁ? ለእኔም ካቻቪቴ አምጡልኝ!"

ማንም አልሳቀም፤ ፊታቸው የሚያስቅ አልነበረም።

"እኔንም ጠቅልላችሁ ነው ያስቀመጣችሁኝ! አንዱ ተኚ ይለኛል፣ አንዷ ተሸፈኚ ትለኛለች፣ ተነሺ የሚለኝ ሰው ጠፋ። ክፍሉ ሲሞቅ መሄድ ጀምሬ አልነበረም? አንተን ነው የምለው!" ወደ እኔ ጠቆሙ። "ጫማዬን ስጠይቅህ ብርድ ልብስ አመጣህልኝ!"

"እማዬ፣ ሁሉም ለአንቺ ብሎ እኮ ነው" አለ ጋሼ ምትኩ።

"አውቃለሁ ለእኔ ብላችሁ ነው። ናዝሬትም የምታስተኛኝ ለእኔ ብለህ ነው። እጅህን ስጠኝ።"

እጁን ሰጣቸው። "ወይኔ" ብለው ተነሱና ተመልሰው ተቀመጡ። ትንሽ እፎይ አሉ፣ ጥርሳቸውን ነክሰው እንደገና ተነሱ። አሁን ቆሙ። አንድ እግራቸውን አነሱ፣ ሌላውን አስከተሉ፤ በየእርምጃው እኔን፣ ልጃቸውን፣ ሐኪሙን በየተራ እየተራገሙ እስከ በሩ ደረሱ።

"ጫማዬን!" አሉ። ሰናይት እያለቀሰች አመጣችላቸው።

"የት ልትሄጂ ነው በዚህ ዝናብ?" አለ ጋሼ ምትኩ።

"በርበሬ በረንዳ። መኪና ይዘህ መጥተህ የለ?"

ጋሼ ምትኩ እርዳኝ ለማለት ወደ እኔ ዞረ። እኔ ብሎን እያጠበቅኩ ነበር፤ የጠበቀ ብሎን ነው የማጠብቀው። እሱም ጃንጥላውን ዘረጋና እናቱን ደግፎ ወጣ።

እኔ ከፓምፗ ጋር ቀረሁ። ከቀትር በኋላ ክፍሉ ግድግዳው ድረስ ሞቀ፣ ግን የሚሞቀው ሰው የለም። ጋሽ ደምሴ ስለ እድሩ ላነጋግርህ ብለው ገቡና ጀርባቸውን ራዲያተሩ ላይ ለጠፉ።  ቆይተው፣ "ይቅርታ አድርጌልህ አይደለም፤ ወገቤን ስለሚለኝ ነው" አሉ። እኔም ይቅርታ አልጠየቅኩም። እንዲሁ ተግባብተን ተቀመጥን።

ሊመሽ ሲል የመኪና ጡሩንባ ሰማን። ሁላችንም ወደ በሩ ሮጥን። ጋሼ ምትኩ ዓይኑ ቀልቶ፣ እያነጠሰ፣ ነጭ ሸሚዙ ትከሻው ላይ በርበሬ መስሎ ወረደ። ዞሮ የኋላውን ኮፈን ከፈተ። ለእትዬ ብርቄ ሻንጣ ባዶ በተደረገው ቦታ ላይ ጢም ብሎ የተሞላ የዛላ በርበሬ ጆንያ ተጋድሟል።

"እማዬ፣ ይሄ ሁሉ ለማን ነው?" አለች ሰናይት።

"ለገበያ ነዋ። ለማን ይሆናል? ሰኞ ቀንጥሼ እጀምራለሁ" አሉ እትዬ ብርቄ ከፊት ወንበር ላይ ሆነው።

"ጋሼ፣ ናዝሬትስ?" አልኩት ቀስ ብዬ።

ጋሼ ምትኩ እናቱን አየ፣ ጆንያውን አየ፣ አንዴ አነጠሰ። እትዬ ብርቄ በሩን ይዘው በራሳቸው ወረዱ። ጉልበታቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉና ቀጥ ብለው ቆሙ።

"ምን ቆመህ ታየኛለህ?" አሉት ልጃቸውን። "ዝናብ ሳይነካው አውርድልኝ እንጂ!"